የቨርጂኒያ ምክር ቤት ለምን ይገለባበጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በኖቬምበር 2025 በቨርጂኒያ ከተካሄደው ምርጫ በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በአዲሷ አገረ ገዥ በአቢጌል ስፓንበርገር ላይ ነው። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ግን በዚያው ዕለት ስለተመረጠው የተወካዮች ምክር ቤት የሚጠይቁትን ነው። ዴሞክራቶች ከ100 መቀመጫ 64ቱን ሲያሸንፉ ሪፐብሊካኖች 36 ይዘው ቀርተዋል፤ ይህ ውጤት ለነዋሪው ከአገረ ገዥዋ ድል ያላነሰ ትርጉም ቢኖረውም በማኅበረሰባችን ዘንድ ብዙም አልተወራበትም። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ፤ ታክሲ ስለምነዳና ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ስለምሰማ ፖለቲካው አያመልጠኝም። በዋና ከተማዋ በሪችመንድ ያለው ምክር ቤት ግን አንዴ ለዴሞክራት፣ አንዴ ለሪፐብሊካን፣ ደግሞ ተመልሶ ለዴሞክራት ሲሆን እያየሁ ግራ ገባኝ። ሐሳቡን የሚለዋውጠው ሕዝቡ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ሕዝቡም ይለዋወጣል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የምርጫውን ጊዜ ማየት ይጠቅማል። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ አካል 100 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 40 አባላት ያሉት ሴኔት አሉት። ተወካዮቹ በየሁለት ዓመቱ፣ ሴናተሮቹ በየአራት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ምርጫውም የሚውለው ፕሬዚዳንትም ሆነ የፌዴራል ኮንግረስ በማይመረጥበት በጎዶሎ ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ፕሬዚዳንት በተመረጠ በዓመቱ ቨርጂኒያ አገረ ገዥዋንና ተወካዮቿን ትመርጣለች፤ በዋይት ሐውስ ላይ ያኮረፈ መራጭም ስሜቱን በካርድ የሚገልጽበት የመጀመሪያው ሰፊ ዕድል ይህ ይሆናል። በ2017 ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን ላይ እያሉ ሪፐብሊካኖች 15 መቀመጫ አጡ። በ2021 ጆ ባይደን ሥልጣን ላይ እያሉ ዴሞክራቶች ምክር ቤቱንም አገረ ገዥነቱንም አጡ። በ2025 ትራምፕ ተመልሰው ሳለ ደግሞ ሪፐብሊካኖች አገረ ገዥነቱንና 13 የምክር ቤት መቀመጫ አጡ።

ቨርጂኒያ ለረጅም ዘመን እንዲህ አልነበረችም። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ምክር ቤቱ የዴሞክራቶች ርስት ሆኖ ኖሯል፤ የዚያን ዘመን የደቡብ ዴሞክራቶች ግን በዘር መለያየትን የሚደግፉ ወግ አጥባቂዎች ስለነበሩ በስሙ ብቻ ተነሥቶ ከዛሬዎቹ ጋር ማመሳሰል አይገባም። ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች በአንድነት የያዙት ከ1999 ምርጫ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋሽንግተንን የከበቡት አውራጃዎች፣ በተለይ ፌርፋክስ፣ ፕሪንስ ዊልያምና ላውደን፣ ከውጭ አገር በመጡ ቤተሰቦችና በመንግሥት ሠራተኞች ሲሞሉ የመራጩም መልክ ተለወጠ፤ እኛም የዚያ ለውጥ አካል ነን። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ካሸነፉባቸው የተወካዮች ምርጫ ክልሎች መካከል 17ቱ በዚያን ጊዜ ሪፐብሊካን ተወካይ የነበራቸው ነበሩ። የ2017 ማዕበል የመታው በአብዛኛው እነዚህን ክልሎች ሲሆን፣ 66 ለ34 የነበረው የሪፐብሊካኖች ብልጫ ወደ 51 ለ49 ወረደ።

በ2019 ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት 55 ለ45፣ በሴኔት 21 ለ19 አሸንፈው፣ አገረ ገዥው ራልፍ ኖርዘምም የእነርሱ ወገን ስለነበሩ፣ ሦስቱንም የሥልጣን ቦታዎች ከ26 ዓመት በኋላ በአንድነት ያዙ። በምክር ቤቱ 400 ዓመት ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ አይሊን ፊለር-ኮርን የተመረጡትም ያን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሪፐብሊካኖች 52 ለ48 ተመለሱ፤ በ2023 ዴሞክራቶች 51 ለ49 ወሰዱት። ይህ የመጨረሻው ውጤት ፕሬዚዳንቱ ዴሞክራት ሳሉ የመጣ በመሆኑ ከላይ የጠቀስኩትን ልማድ ያፈርሳል፤ ምክንያቱም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 የጽንስ ማቋረጥ መብትን ለክፍላተ ሀገሩ ሕግ ትቶ ስለነበር፣ አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ሁለቱንም ምክር ቤቶች ስጡኝና ከ15 ሳምንት በኋላ ይከልከል የሚል ሕግ ላውጣ ብለው ሲጠይቁ መራጩ አልሰጣቸውም።

ስለዚህ ጠያቂያችን በሬዲዮ የሚሰሙት መገለባበጥ ትልቅ ይመስላል እንጂ ከ2025 በፊት ባሉት ምርጫዎች ምክር ቤቱን ያገላበጡት መቀመጫዎች ጥቂት ናቸው። ያውም በሁሉም ቦታ የተበተኑ አይደሉም፤ በሪችመንድ ዳርቻ በሄንራይኮና በቼስተርፊልድ፣ በባሕሩ ጠረፍ በቨርጂኒያ ቢች፣ በሰሜን ደግሞ በፕሪንስ ዊልያም ውጫዊ ሰፈሮች ይገኛሉ። እርስዎ የሚኖሩበት አሌክሳንድሪያ ይህን ሁሉ ዘመን አልተነቃነቀም።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ሥልጣን በዕጣ ተወሰነ ሲባል ሰምቼ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነት ነው? (ከሲያትል)

መልስ፦ ቀልድ አይደለም፤ የሆነውም እንደሚከተለው ነው። በኖቬምበር 2017 በኒውፖርት ኒውስ ከተማ በ94ኛው የምርጫ ክልል ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲና ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ ተወዳደሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ በለጡ። ድምፁ እንደገና ሲቆጠር ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607 ሆነና ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፉ ተባለ። ያ ቢጸና ምክር ቤቱ 50 ለ50 ይሆን ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ድምፅ እኩል ሲሆን የሚለይ ሰው የለውምና ሁለቱ ወገኖች አፈ ጉባኤነቱንና ኮሚቴዎቹን ለመከፋፈል መደራደር ይኖርባቸው ነበር።

በማግሥቱ ግን ለሦስት ዳኞች ጉባኤ አንዲት ወረቀት ቀረበች። መራጩ በሁለቱም ዕጩዎች ስም አጠገብ ያሉትን ክቦች አጥቁሮ፣ በሳይመንድስ ክብ ላይ አንድ ጭረት አሳርፎበታል። ቆጣሪዎቹ ሁለት ሰው የመረጠ ነው ብለው ጥለዋት ነበር። ዳኞቹ ግን ጭረቷን እንደ መሰረዣ፣ በሌሎቹ የሥልጣን ቦታዎች ሪፐብሊካኖችን መምረጡንም እንደ ማስረጃ አይተው ድምፁን ለያንሲ ሰጡ። ሁለቱ ዕጩዎች 11,608 ለ11,608 እኩል ሆኑ።

የቨርጂኒያ ሕግ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕጣ ይውጣ ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 በሪችመንድ፣ ካሜራዎች በተደረደሩበት አዳራሽ፣ የሁለቱ ስሞች በወረቀት ታትመው በድሮ ጊዜ የፎቶ ፊልም በሚቀመጥባቸው ትናንሽ ቆርቆሮዎች ውስጥ ገቡ፤ ቆርቆሮዎቹም ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በውሰት በመጣ ሰማያዊና ነጭ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተጣሉ። የምርጫ ቦርዱ ሊቀ መንበር ጄምስ አልኮርን አንዱን አንሥተው ከፈቱት፤ የያንሲ ስም ወጣ። ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነው ቀሩ፤ የምክር ቤቱ ስብሰባም በሳምንቱ ተከፈተ። ሳይመንድስ በ2019 ተመልሰው ከያንሲ ጋር ተወዳድረው አሸነፉ።

በዚያው ዓመት በፍሬድሪክስበርግ አካባቢ በ28ኛው ክልል 147 መራጮች የሌላ ክልል ድምፅ መስጫ ወረቀት ተሰጥቷቸው እንደነበር መታወቁንም ልጨምር፤ ልዩነቱ 73 ድምፅ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤት ምርጫው እንዲደገም የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም። ስለ ዕጣው ብዙ ሲወራ ይህ ስሕተት እምብዛም አለመነሣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ዕጣው ቢያንስ በሕግ የተጻፈ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ ሥራ ላይ ነው የምንውለው። አብላጫው ወደ አንዱ ፓርቲ ዞረ ሲባል በኪሳችንና በሰፈራችን ምን ይለወጣል? ሁሉም ፖለቲከኛ አንድ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። (ከፎልስ ቸርች)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ስለ ጠባያቸው ብለው ከሆነ አልከራከርም። በሕጉ በኩል ግን ልዩነቱ በዶላር ይቆጠራል። በቨርጂኒያ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ለረጅም ዓመታት ፌዴራሉ ባስቀመጠው በ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ተቀምጦ ነበር። በ2019 ምርጫ የመጣው ምክር ቤት በ2020 ባወጣው ሕግ ከሜይ 2021 ጀምሮ ወደ 9 ዶላር ከ50፣ በጃንዋሪ 2022 ወደ 11፣ በጃንዋሪ 2023 ወደ 12 ዶላር ከፍ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ከዋጋ ንረቱ ጋር እየታየ በ2025 12 ዶላር ከ41 ደርሷል። ምክር ቤቱ እንደገና ወደ ዴሞክራቶች ከዞረ በኋላ በ2024ም በ2025ም ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ሕግ አጸደቀ፤ አገረ ገዥ ያንግኪን ሁለቱንም ጊዜ ውድቅ አደረጉት። ያንግኪን በ2024 ብቻ 201 ሕጎችን ውድቅ አድርገዋል። የአገረ ገዥን ውሳኔ ለመሻር በእያንዳንዱ ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ፣ በ51 መቀመጫ አብላጫ ሆኖ ሕግ ማጽደቅ ይቻላል፤ ሕጉን ከአገረ ገዥው ጠረጴዛ አልፎ እንዲሠራ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው፣ ግብር ግን የሚከፍሉ ነዋሪዎች ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ መኪና ለመንዳት የሚያስችል ካርድ ማግኘት የቻሉትም በ2020 በወጣ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ በማርች 2021 የሞት ቅጣትን ስታስቀር ከደቡብ ክፍላተ ሀገር የመጀመሪያዋ ሆነች።

አንዳንዴ ደግሞ አብላጫው ሳይዞር፣ በመጠጋቱ ብቻ የሚለወጥ ነገር አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሕክምና ወጪ የሚሸፍነውን ሜዲኬይድ ለማስፋት አገረ ገዥ ቴሪ ማኮሊፍ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ የሪፐብሊካኖቹ ምክር ቤት አሻፈረኝ ሲል ኖሯል። ከ2017 ምርጫ በኋላ አፈ ጉባኤው ያው ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ሆኖም 15 ባልደረቦቻቸው ሲወድቁ ያዩ 19 ሪፐብሊካን ተወካዮች ከዴሞክራቶች ጋር ሆነው አጸደቁት። ሕጉ በጁን 2018 ተፈርሞ በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ሥራ ላይ ሲዋል 400,000 ያህል ሰዎችን ብቁ አድርጓል። ከእነዚህ መካከል የቀጣሪ ኢንሹራንስ የሌላቸው ሾፌሮች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞችና የአረጋውያን ተንከባካቢዎች ይገኙበታል፤ ሥራዎቹ ለማኅበረሰባችን እንግዳ አይደሉም።

ሰፈርን በሚመለከት ደግሞ የፖቶማክ ያርድን ነገር ላስታውስዎ። በዲሴምበር 2023 አገረ ገዥ ያንግኪን የዋሽንግተንን የቅርጫት ኳስ ቡድን ዊዛርድስንና የሆኪ ቡድኑን ካፒታልስን ወደ አሌክሳንድሪያ ፖቶማክ ያርድ ሰፈር የሚያመጣ፣ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስታዲየም ይፋ አደረጉ። በአካባቢው በኪራይ የሚኖሩ ወገኖቻችን የቤት ዋጋ ይንርብናል ብለው ሲሰጉ፣ ንግድ ያላቸው ደግሞ ደንበኛ ይመጣልናል ብለው ተስፋ ሲያደርጉ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። የተወካዮች ምክር ቤትም በዴሞክራቶች ተይዞ ሳለ ሕጉን አሳለፈው። ሴኔቱ ዘንድ ሲደርስ ግን የፋይናንስ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ፣ የፖርትስመዝ ሴናተር ሉዊዝ ሉካስ፣ የሕዝብ ገንዘብ ለቢሊየነሮች ፕሮጀክት ዋስ መሆን የለበትም በሚል አቋም ጸንተው ለውይይት ሳያቀርቡት ቀሩ። በማርች 27 ቀን 2024 የአሌክሳንድሪያ ከተማ ድርድሩ ማብቃቱን አስታወቀ፤ ቡድኖቹም ዋሽንግተን ቀሩ። አብላጫ ድምፅ ማለት በዋናው አዳራሽ እጅ ቆጥሮ ማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ የኮሚቴዎቹን ሰብሳቢነት መያዝ ነው፤ ሰብሳቢ ያላነሣው ሕግ ድምፅ ሳይሰጥበት ይሞታል። በ2023 ሴኔቱ 21 ለ19 መሆኑ ቀርቶ 20 ለ20 ቢሆን ኖሮ፣ እኩል ድምፅ ሲመጣ የሚለዩት ሪፐብሊካኗ ምክትል አገረ ገዥ ዊንሰም ሲርስ ነበሩና ሉካስ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጣቸው እንኳ ያጠራጥር ነበር።

ጥያቄ፦ የምርጫ ክልሎቹን ካርታ የሚሥለው ፓርቲ አስቀድሞ አሸንፏል ይባላል። በቨርጂኒያም እንዲሁ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር። በ2011 የተወካዮቹን ካርታ የሣሉት ሪፐብሊካኖች ናቸው። በጁን 2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከእነዚያ ክልሎች 11ዱ ጥቁር መራጮችን በዘራቸው ለይተው ያጨቁ ናቸው ብሎ ሻራቸው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2019 ምክር ቤቱ ብቻውን ይግባኝ ለማለት መብት የለውም ብሎ ዘጋው። በተሻሻለው ካርታ ያን ዓመት በተካሄደው ምርጫ ሪፐብሊካኖች አብላጫውን አጡ።

በ2020 መራጩ ሕዝብ፣ ከሦስት ሁለት እጁ ገደማ ደግፎ፣ ካርታውን የሚሥል ኮሚሽን የሚያቋቁም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። ስምንት የምክር ቤት አባላትና ስምንት ዜጎች የተቀመጡበት ኮሚሽን ግን በፓርቲ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ሥራውን ሳይፈጽም ተበተነ፤ ሥራው ወደ ቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በሁለቱ ፓርቲዎች ጥቆማ የመረጣቸው ሁለት ባለሙያዎች፣ በርናርድ ግሮፍማንና ሾን ትሬንዲ፣ በጋራ የሣሉት ካርታ በዲሴምበር 28 ቀን 2021 ጸደቀ። የነባር ተወካዮችን የመኖሪያ አድራሻ ሳያዩ ስለሣሉት ብዙ አንጋፋ አባላት ራሳቸውን በአንድ ክልል ተፋጥጠው አገኙት፤ አንዳንዶቹ ጡረታ ወጡ፣ አንዳንዶቹ ቤት ቀየሩ። ከዚህ ካርታ ወዲህ አንደኛው ወገን 51፣ በሚቀጥለው 64 ማግኘቱ ካርታው መራጩን እንዳልቆለፈው ያሳያል ብዬ አምናለሁ። የኮሚሽኑ መክሸፍ እንጂ መሳካት አይደለም ይህን ያመጣው፤ ኮሚሽኑን ያቋቋሙት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም።

ጥያቄ፦ ይህ ምክር ቤት ከእኛ አገር የክልል ምክር ቤት ጋር በምን ይመሳሰላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ከፌዴራሉ በታች ሕግ ያወጣሉ፤ በጀት ያጸድቃሉ። ዋናው ልዩነት በአስፈጻሚው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ሲሆን ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው እርሱ ነው፤ ስለዚህ አብላጫው ቢዞር መስተዳድሩም ይዞራል። በቨርጂኒያ ሕዝቡ አገረ ገዥውን ለብቻ ስለሚመርጥ ምክር ቤቱ በአንዱ፣ አገረ ገዥነቱ በሌላው ፓርቲ ሊያዝ ይችላል፤ ከ2024 መጀመሪያ እስከ 2026 መጀመሪያ የነበረው ሁኔታ ይኸው ነው። አገረ ገዥም ለሁለት ተከታታይ ዘመን መወዳደር አይፈቀድለትም። ሌላው፣ የቨርጂኒያ ተወካይ የሙሉ ጊዜ ሥራው ይህ አይደለም፤ ስብሰባው ሙሉ በሚባሉት ዓመታት 60 ቀን ነው፤ ደመወዙም ለረጅም ዓመታት በዓመት 17,640 ዶላር ስለነበር አብዛኞቹ ጠበቃ፣ ነጋዴ ወይም መምህር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2021 የባይደን መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ወገኖቻችን ለሪፐብሊካኑ ለያንግኪን ድምፅ ስጡ እያሉ ሲቀሰቅሱ ነበር። አንዳንዶች ያሸነፈው በእኛ ድምፅ ነው ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ? (ከስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ ቅስቀሳው እንደነበር በቨርጂኒያ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ሕጋዊም ነበር። ያሸነፈው በእኛ ነው የሚለው ግን ከቁጥሩ ጋር አይሄድም። ያንግኪን የዴሞክራቶቹን ዕጩ፣ የቀድሞውን አገረ ገዥ ማኮሊፍን የበለጡት ከ60,000 በላይ በሆነ ድምፅ ነው፤ በምርጫው ዋዜማም ከወረርሽኙ በኋላ የትምህርት ቤቶች ነገር፣ የኑሮ ውድነትና የፕሬዚዳንቱ ተወዳጅነት መቀነስ በመላው ክፍለ ሀገር መራጩን ሲያንቀሳቅሱ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤትን አብላጫ የወሰኑትን ክልሎች ስንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፤ በመጨረሻ እንደገና ተቆጥረው ያለቁት ሁለቱ መቀመጫዎች፣ 85ኛውና 91ኛው፣ በቨርጂኒያ ቢችና በሃምፕተን አካባቢ ያሉ ናቸው። የሁለቱም ልዩነት ከ130 ድምፅ በታች ነበር። ከስፕሪንግፊልድ እስከዚያ ድረስ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ የእኛ ሰውም እዚያ ጥቂት ነው።

የራሴን አስተያየት ልስጥ። ለአገሩ የተቆረቆረ ሰው ባገኘው ካርድ ሁሉ መናገሩ አይነቀፍም። ነገር ግን የሪችመንድ ምክር ቤት ማዕቀብ አይጥልም፤ የንግድ ዕድልም አይሰርዝም። የሚወስነው የሰዓት ክፍያችንን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት በጀት፣ የአከራይና ተከራይ ሕግን፣ ከእስር የወጣ ሰው ድምፅ ይስጥ አይስጥ የሚለውን ነው። የመጨረሻው ነጥብ ከዚያ ምርጫ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በቨርጂኒያ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው አገረ ገዥው ካልመለሰለት በቀር የመምረጥ መብቱን ለዘለዓለም ያጣል። ይህን የሚለውጥ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ2021 መጀመሪያ ጸድቆ ነበር፤ ማሻሻያ ግን በመካከሉ የተወካዮች ምርጫ ተደርጎ በአዲሱ ምክር ቤት እንደገና መጽደቅ፣ ከዚያም ለሕዝብ መቅረብ አለበት። በኖቬምበር አብላጫው ሲዞር ማሻሻያው በ2022 መጀመሪያ በአንድ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ቀረ። በጃንዋሪ 2024 የመጀመሪያው ጥቁር አፈ ጉባኤ ሆነው የተመረጡት ዶን ስኮት በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት ያህል በፌዴራል እስር ቤት ያሳለፉና መብታቸው የተመለሰላቸው በሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ በቦብ ማክዶነል ዘመን ነው። ያ ካርድ የተሰጠው ለማን ነው፣ ምንስ አስቀረ ብሎ መጠየቅ ለሚቀጥለው ቅስቀሳ ይጠቅማል እላለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ በቅርቡ ዜግነት አግኝታለች። እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማትችል ምርጫ ሄዶ መዋረድ ነው እያለች እምቢ ትለኛለች። አብሬአት መግባት ይፈቀድልኛል? (ከአናንዴል)

መልስ፦ ይፈቀድልዎታል። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ የማይፈቀደው ረዳቱ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ሲሆን ነው። በምርጫ ጣቢያው የእርዳታ ቅጽ ትሞላላችሁ፤ እርስዎ የሚያነቡላትንና እርሷ ያለችዎትን ብቻ ምልክት ያደርጋሉ፤ ምክር መስጠት ግን ክልክል ነው። እናትዎ 65 ዓመት ከሞላቸው ወይም መቆም የሚያስቸግራቸው ከሆነ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ወረቀቱ ወደ እርሳቸው እንዲመጣላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ሰልፍ የሚከብዳቸው ከሆነ ደግሞ ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀደም ብሎ በሚጀምረው ቅድመ ምርጫ ይሂዱ፤ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ጣቢያዎቹ ብዙውን ጊዜ ጭር ያሉ ስለሆኑ ማንም አያጣድፋቸውም። በምርጫው ዕለት ጣቢያዎች ከጠዋቱ በፈረንጆቹ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 7 ሰዓት ክፍት ናቸው፤ 7 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ያለ ሰው አይመለስም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እናንተ ባላችሁበት አካባቢ የኖቬምበሩ ውድድር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እውነተኛው ፉክክር የሚካሄደው በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ሲሆን ጊዜው በተለምዶ በጁን ሦስተኛ ማክሰኞ ነው። ቨርጂኒያ መራጮችን በፓርቲ አትመዘግብም፤ ስለዚህ ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ ከሁለቱ የውስጥ ምርጫዎች በአንዱ ድምፅ መስጠት ይችላል። በጁን የሚመጣው ሰው ከኖቬምበሩ እጅግ ያነሰ በመሆኑ የእናትዎ ድምፅ ሚዛን የሚደፋው እዚያ ነው።